በገመድ የተጎተተ ሽምግልና

ያን እሑድ ጠዋት የብርጓል ቀዩን ሞተር ከረግረጉ መሀል ተሰንቅሮ ስታየው ደስ አላት። ለወጉ ያህል እንኳ አላዘነችም።

ጎህ ሳይቀድ ለጎረቤት ላም ምጥ ተጠርታ ሄዳ፣ ጥጃውን በሁለት እጇ ስባ አውጥታ መመለሷ ነበር። እጅጌዋ ላይ እስከ ክርኗ ደም ደርቋል፣ ቦቲዋ ጭቃ ለብሷል፣ ሻሿ ወደ አንድ ጆሮዋ ዞሯል። እንዲህ ሆናም ሳቋ አመለጣት።

«ዛሬ ነው ቀኑ» አለች ለራሷ።

የብርጓል የእንስሳት ጤና ረዳት ናት። የምትነዳው ባለአራት ጎማ ሞተር የሥራ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አለው፤ ከኋላው ክትባት የሚቀመጥበት የበረዶ ሳጥን ታስሮበታል። ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ስላለበት የሰፈሩ ሰው እንደ በሬ ቆጥሮ ቦራ ብሎታል። ቦራ አይፈጥንም። ሲነሳም እንቅልፉን ያልጨረሰ ሰው ያህል ያጉረመርማል። ግን አንዲት ቁልፍ ስትጫን የፊት ጎማዎቹ ከኋለኞቹ ጋር አብረው ይስባሉ፤ ያን ጊዜ እንኳን ጭቃ፣ ዳገትም አይመልሰው።

ቀዩ ሌላ ዘር ነው። እሱም ባለአራት ጎማ ይባላል፣ ዝምድናቸው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ዝቅ ያለ፣ ቀጭን፣ ጉልበቶቹ ወደ ውጭ የወጡ፣ አሁን ዘለልኩ አሁን ዘለልኩ የሚል ነው። ለዚህ ነው አንበጣ የተባለው። የሚገፉት የኋላ ሁለቱ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ዕቃ መጫኛ የለውም። ስፖኪዮ እንኳ የለውም፤ የሠሩት ሰዎች የሚነዳው ሰው ከኋላው ለቀረው ነገር ግድ እንደማይሰጠው ቀድመው ያወቁ ይመስላል። ባለቤቱ ደመላሽ ነው፣ የደብረ ማርቆሱ የእህል ነጋዴ የአቶ አንሙት ልጅ። አጎቱ ከዱባይ አስመጥቶለት ነው።

የብርጓል ትወደዋለች። ሞተሩን አይደለም።

የተገናኙት አምና ነው። ግጦሹ ላይ ከብት ስትከትብ ደመላሽ በአንበጣው ቦይ ዘሎ ከላሞቹ መሀል አረፈ፣ ላሞቹም ተበተኑ። የብርጓል መርፌዋን እንደያዘች ሄዳ ሄልሜቱን በጥፊ አላሰችው። ያመማት እሷን ነው። ሄልሜቱን አወለቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኗን አየና መሳቁን ረሳው። እሷም መርፌውን ረሳችው። ያን ቀን ሁለቱም ላም ሲያሳድዱ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ፍቅረኞች ስለ ጨረቃ ሲያወሩ እነሱ ስለ ጎማ ይጣላሉ።

«ያንቺ ጋሪ ነው፤ በሬው ብቻ ነው የጎደለው» ይላታል።

«ያንተ ደግሞ መጫወቻ ነው። ሲሰበርብህ ለእናትህ ንገራት፣ ሌላ ትግዛልህ» ትለዋለች።

በደረቅ ሜዳ ላይ ጥሏት ይበራል፤ እሷ አቧራውን እየዋጠች ትቀራለች። «አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ አገኝሃለሁ» ብላው ነበር። «ያን ቀን ጎትቼ አወጣህና በሰው ፊት ቦራ ይበልጣል ትላለህ።» ደመላሽም «እሱ ቀን አይመጣም» ብሏታል።

መጣ። መስከረም ገብቷል፣ ዝናቡ ግን ክረምቱ መውጣቱን ገና አልሰማም። ከአምበር ከተማ አስፋልት ወደ የብርጓል ሰፈር የሚያሻግረው ሜዳ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ የያዘውን አይለቅም። አንበጣውም እስከ ሆዱ ገብቷል። ደመላሽ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ላይ ደግሞ አያ ቢተው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አያ ቢተው የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላን የሚያስታርቁ፣ የከበደን የሚያቀልሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ነጩን ጋቢ አይቶ ነገሩ ይገባው ነበር። የብርጓል ግን ማሸነፏ ዓይኗን ጋርዶታል።

«እንደምን አደሩ አያ ቢተው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እንዳየሽኝ ነኝ።»

«አንተስ ደመላሽ፣ ምነው ቆምክ? ፍጥነቱ በዛብህ?»

ደመላሽ ፊቱ አመድ መሰለ። «የብርጓል፣ ሂጂ።»

«የት ልሂድ?»

«ዞረሽ በላይኛው መንገድ ሂጂ። እባክሽ፣ ዛሬ አይሆንም።»

«ዛሬ ነው እንጂ የሚሆነው» አለችና ገመዷን ከሳጥኑ ሥር ፈታች።

ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ስደውልልሽ ዋልኩ እኮ። ስልክሽ አይሠራም።»

«ኔትወርክ የለም። ምን ልትለኝ ነበር?»

ወደ አያ ቢተው ዞር ብሎ አየና ዋጠው። ሽማግሌ ፊት ለልጅቷ የማይነገር ነገር አለ። አያ ቢተውም ምንም አላሉ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። የብርጓል የበረዳቸው መሰላት።

«ቦራ ይበልጣል በል» አለችው ገመዱን ከአንበጣው አፍንጫ ጋር እያሰረች።

«ገመዱን ተዪው።»

«በል።»

«ይበልጣል። አሁን ሂጂ።»

«አያ ቢተው አልሰሙህም።»

መልሱን አልጠበቀችም። ቦራ ላይ ወጥታ ቁልፏን ተጫነች። አራቱም ጎማዎች መሬቱን ነከሱት፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አንበጣው እንደ ክፉ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ። ደመላሽ ዘሎ ከአያ ቢተው ፊት ወጣና መሪውን ያዘ። የብርጓል ግን እዚያ አላቆመችም፤ ከረግረጉ ወዲህም ያለው አቀበት የሚያንሸራትት ነው፣ ደረቅ ቦታ የሚገኘው ላይ አውድማው ጋ ብቻ ነው። አውድማው ደግሞ ከአባቷ ደጅ ፊት ለፊት ነው።

በስፖኪዮዋ ታየዋለች። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ያወናጭፋል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ወደ ገመዱ እያሳየ አፉን ይከፍታል። አያ ቢተው ወገቡን አንቀዋል፤ ጃንጥላቸው ወደ ላይ ተገልብጧል። ደመላሽ ባወናጨፈ ቁጥር የብርጓል ትስቃለች።

«ገና ነው» አለች። «ገና ደጅ ድረስ ነው የማደርስህ።»

አደረሰችው።

አውድማው ጋ ስትደርስ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ዋንዛው ሥር ሁለት ሰዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የተቀመጠ የለም። በዚህ አገር እሑድ ጠዋት ነጭ ለብሶ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ግቡ እስኪባል የሚጠብቅ ሰው የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ ነው። ሦስተኛቸውን እየጠበቁ ነበር። ሦስተኛቸው ከኋላዋ በገመድ ታስረው መጡ።

በወጉ ልጅቷ ያን ቀን ጓዳ ትገባለች፣ ድምፅዋ አይሰማም። ጠያቂው ወንድ ደግሞ ጥላው እንኳ እዚያ አካባቢ አይታይም። የብርጓል እጇ በደም፣ ፊቷ በጭቃ ሆኖ፣ ጠያቂዋን ከነሽማግሌው ጎትታ አመጣችው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶች መንገዱ ላይ ቆሙ። አንዷ ሳቀች።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ከደጁ ወጡ። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው።

«አያ ቢተው፣ ደህና መጡ?»

«ደህና የኔታ… መንገዱ ትንሽ…»

«መንገዱንስ አየሁት» አሉና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት። «ከመቼ ወዲህ ነው ልጅ ሽማግሌዋን ራሷ የምትጎትት? ጠያቂ ያጣችብኝ መሆኗን ዛሬ ከእናንተ እኩል አወቅሁ።»

ደመላሽ ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ እዚህ መሆን የለብህም» አሉ ሳያዩት። «ስለዚህ የለህም።»

«አባዬ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር…» አለች የብርጓል።

«እንዳመጣሻቸው መልሻቸው።»

«አባዬ…»

«መልሻቸው።»

በሩ ተዘጋ። እናቷ ጤናዬ በአጥሩ ቀዳዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታያት የብርጓል ዓይኗን ሰበረች። ቦራን አዞረችው። ሲወጡ የሳቀችው ሁሉ ሲወርዱ አንድ በአንድ ደረቷ ላይ ይወድቅባት ጀመር፤ ያን ቁልቁለት ስትወርድ በስፖኪዮው አላየችም።

*

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አያ ቢተው ጭቃቸውን ሊታጠቡ ከአንድ ሱቅ ደጅ ገቡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ደመላሽ ገመዱን ፈታና እግሯ ሥር ጣለው።

«ስፖኪዮ አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«ታዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ እጄን ሳወናጭፍ ምን የምል መሰለሽ?»

«ተሸነፍኩ የምትል።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያቆስል ነበር። «ለማሸነፍ ብለሽ ሽምግልናዬን ቀበርሽው።»

«እኔ ነኝ የቀበርኩት?» የአንበጣውን ጎማ በቦቲዋ መታችው። «ሽማግሌ በእግሩ ይመጣል። በበቅሎ ይመጣል። አንተ ግን ከአባትህ የሚበልጡትን ሽማግሌ ለአንድ ሰው በተሠራ ሞተር ላይ አንጠልጥለህ ጭቃ ትገባለህ። እዚህ ድረስ ለምን መጣህ? ሰፈር ሞተሬን ይይልኝ ብለህ ነው።»

«በቅሏቸው አነከሰች። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

«ሌላ ሽማግሌ ጠፋ?»

ደመላሽ ጎንበስ ብሎ ከአንበጣው ጎማ ላይ ጭቃ ይፍቅ ጀመር።

«ጠፋ ወይ?»

«እናቴ ዘመድ ቤት ዞራ ማንም እንዳይሄድልኝ ለምናለች። እሺ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ቀኑ ቢያልፍ እሳቸውንም ታስቀርብኝ ነበር።»

«እናትህ ምን አለች?»

«ተዪው።»

«ምን አለች፣ ደመላሽ?»

«ላም ውስጥ እጇን የምትከት ልጅ ለቤቴ አትሆንም አለች።»

የብርጓል ወደ እጆቿ አየች። የደረቀው ደም ጣቶቿ መሀል ተሰነጣጥቋል።

«ልክ ናት። ዛሬ ጠዋትም ከትቼ ነበር፤ ጥጃ ይዤ አወጣሁ። የእናትህ እጅ ከተጫነ እህል በቀር ምን ይዞ ያውቃል?»

«እናቴን አትንኪያት።»

«አንተ ነህ የነካሃት። አምጥተህ ፊቴ ላይ ያስቀመጥካት አንተ ነህ።»

«ስላስገደድሽኝ ነው የነገርኩሽ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ፣ ከዚያ ተመልሶ ጠነከረ። «እሺ፣ የኔ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው። ያንቺ ደግሞ ለጭነት ነው። ዛሬ ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ? ጭነት። በአባትሽ ፊት፣ በአገሩ ፊት ጭነት አደረግሽኝ።»

«ጭነት መሆን ከጠላህ እዚያው ጭቃ ውስጥ አትቀመጥም ነበር?»

«እቀመጥ ነበር» አለ። «ሂጂ አልኩሽ እኮ።»

ይህን መልስ አልጠበቀችም። ጎንበስ ብላ ገመዷን ከእግሯ ሥር ሰበሰበች። ደመላሽ ወደ ሱቁ ሄዶ አያ ቢተውን በሚያልፍ ሚኒባስ አሳፈራቸው፤ ተመልሶም አንበጣው ላይ ወጣ፣ ሞተሩን አስጮኸ፣ አስፋልቱን ይዞ ወደ ማርቆስ በረረ። ዞር ብሎ አላየም። የብርጓል ቀዩ ነጥብ እስኪጠፋ ቆመች። አንድ ጊዜ ቢዞር ኖሮ ትሮጥ ነበር። ስላልዞረ ጠላችው፤ የጠላችውን ያህል ደግሞ ደረቷ ተቃጠለ።

*

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ አላስቀመጣትም። ምንጭ ስትወርድ ወለተ ኪዳን የምትባል ጎረቤት እንስራዋን ደፍታ ጠበቀቻት።

«የብርጓል፣ የኔም ልጅ ደርሳለች። ማርቆስ ስትወርጂ አንዱን አስረሽልኝ ነይ።»

«የእርስዎን ልጅ የሚወስድ በገመድም አይመጣ፣ በሰንሰለት ካልሆነ» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን እንስራዋን ሳትሞላ አንስታ ሄደች።

ቤት ውስጥ ደግሞ የኔታ አያናግሯትም። እራት ይቀርባል፣ ይባረካል፣ ይበላል። «ውሃ አቀብዪኝ» የሚሉት እንኳ ለእናቷ ነው። የብርጓል መቆጣት ትችልበታለች፤ ዝም የሚልን ሰው መቆጣት ግን ግድግዳ እንደ መደብደብ ነው፣ የሚያመው የሚመታውን ነው።

ደመላሽም አልደወለም። አልደወለም ለማለት ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ ኔትወርክ ደግሞ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ቦራን ወደ ጉብታው ትነዳዋለች። ስልኳን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ምንም አይመጣም። «ሥራ ስለማይበዛብኝ ነው» እያለች ትወርዳለች፣ ለምን እንደወጣች ራሷን እየሰደበች። በማግስቱም ትወጣለች። እንደገና ትሰደባለች፣ በራሷ አፍ።

አንድ ማታ እናቷ ጤናዬ አጠገቧ ተቀመጠች። «ልጁን ጠላሽው?»

«በጣም።»

«እሰይ» አለች ጤናዬ ሽሮዋን እያማሰለች። «የተረሳ ሰው አይጠላም።»

የብርጓል ተነስታ ወጣች።

*

በሚቀጥለው እሑድ አያ ቢተው ተመልሰው መጡ። በቅሏቸው ድና ነበር። የቀሩት ሁለቱ በእግራቸው ተከትለዋል። የኔታ ዋንዛው ሥር አቁመዋቸው ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ግቡ አላሏቸውም። ይህ ቅጣት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ቅጣት መሆኑን አውቀው ቆሙ። ሲገቡም የብርጓል ጓዳ ነበረች፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ እንደ ወጉ። እጇ ታጥቧል። ሻሿ ተስተካክሏል። እናቷ ቀሚሷን ይዛታለች፣ ምናልባት ብላ።

«ልጁ የት ነው?» አሉ የኔታ።

«አምበር ነው፣ የኔታ» አሉ አያ ቢተው። «ከአስፋልቱ ወዲህ አላለፈም።»

«አባትና እናቱስ?»

«አባቱ ከኛ ጋር ነው፤ ቃል ሰጥቶናል። እናቱ ታለቅሳለች። አልቅሳ ይወጣላታል።»

«ያ ሞተርስ?»

አያ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱንማ ሊሸጠው ነው። ከጉንደ ወይን የመጣ ገዢ ቀጥሯል፣ ዛሬ እዚያው አምበር። ‹የኔታ ያፈሩበትን ነገር ይዤ ደጃቸው አልደርስም› አለ።»

«ደግ አደረገ» አሉ የኔታ።

የብርጓል ጆሮዋ ጮኸ። ከመቀመጫዋ ተነሳች። እናቷ ቀሚሷን ሳበች፤ የቀሚሱ ጫፍ እጇ ላይ ቀረና ስፌቱ ተተረተረ።

«ማን ሽጥ አለው?»

መጋረጃውን ገልጣ መሀል ቤት ቆማለች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«እሱን ሞተር የምሰድበው እኔ ነኝ። እኔ እንድሰድበው ነው ያለው። ሲዘልበት ነው ያየሁት፣ ላሞቼን በትኖ ሲስቅበት ነው ያየሁት። ጭቃ ሲያይ ይዙር አልኩት እንጂ መዝለል ይተው ብዬ አላውቅም። ሸጦት ምን ሊሆን ነው? እንደ አባቱ ኩንታል ላይ ተቀምጦ ሊመጣ? እሱን ሰው አላውቀውም። እሱን ሰው እኔ አልጠየቅሁም…»

እዚህ ላይ ምን እያለች እንደሆነ ሰማችው። የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች። አያ ቢተው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት፤ ዛሬ የብርጓል የበረዳቸው አልመሰላትም። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የኔታ ሳምንት ሙሉ ያላዩዋትን ያህል አዩዋት።

«አያ ቢተው» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህች ልጅ በሰው ዕቃ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። እንዲህ የሚያደርጋት በራሷ ነገር ሲመጡባት ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ሂጂ።»

«የት?»

«ሳይሸጠው ድረሺ።»

ወደ በሩ ሮጠች።

«የብርጓል» አሉ የኔታ።

«አቤት አባዬ።»

«ገመዱን ግን እዚሁ ተዪው።»

ከደጅ ስትወጣ አያ ቢተው «ይህ እሺታ ነው ልበል የኔታ?» ሲሉ ሰማች፤ አባቷም «እኔ ስለ ሞተር ነው ያወራሁት። ለእሺታው በሦስተኛው ትመጣላችሁ፣ እንደ ወጉ» ሲሉ። የቦራን ቁልፍ ስታዞር ዓይኗ ፊት ያለው ነገር ሁሉ በውሃ ተሸፍኖ ነበር። ዝናብ አልነበረም።

*

አምበር ላይ አንበጣው አስፋልቱ ዳር ቆሟል፣ ዙሪያውን ሰው ከቦታል። ደመላሽ መሬት ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቷል። የብርጓል ቦራን ሰዉ መሀል አቁማ ወረደች። ሰዉ ክላክስ ሳትነፋ ገለል አለላት፤ ፊቷን አይቶ ነው።

«ሸጥከው?»

ተነስቶ ቆመ። «አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ሽማግሌዎቹ…»

«ሸጥከው ወይ?»

«የጉንደ ወይኑ ሰውዬ መጣ፣ ዞሮ አየው፣ ‹ሰውስ እሺ፣ ኩንታሉ የት ላይ ነው የሚጫን?› ብሎ ሄደ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሳቅ ትሞት ነበር። ዛሬ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ያዘችው።

«ማን ሽጥ አለህ?»

«አባትሽ አፍረውበታል።»

«አባቴ ያፈሩት በሞተሩ አይደለም። በኛ ነው። አንተ ዞረህ ስለማታይ፣ እኔ ደግሞ እያየሁ ስለማላይ።» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሰዉ ይስማ አይስማ ግድ አልሰጣትም። «አስፋልቱ ላይ ጥለኸኝ ስትሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞርክም። እስክትጠፋ ቆሜ ነበር።»

ደመላሽ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። «ብዞር እመለስ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ተመልሼ ደግሞ እንደገና ጭነት የምሆን መሰለኝ።»

«ጉብታ ላይ ስንት ቀን እንደወጣሁ ታውቃለህ?»

«ለምን?»

«ለኔትወርክ ነዋ፣ ደንቆሮ።»

ዓይኖቹ ሲሞሉ አየችና ፊቷን አዞረች። ከዚህ በላይ ካየችው ቁጣዋ እንደሚያልቅባት አወቀች፣ ሳትጨርሰው ደግሞ እንዲያልቅባት አልፈለገችም።

«ይቅርታ ልትዪኝ ነው የመጣሽው?» አላት።

«ልሰድብህ ነው።»

«ስደቢኝ።»

አፏን ከፈተች። ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመችው ስድብ አንዱም አልመጣም። ደመላሽ ጠበቃት። ሰዉም ጠበቃት።

«ቁልፉን አምጣ» አለች በመጨረሻ።

«የምኑን?»

«የዚህን የማይረባ ነገር።»

ሰጣት። አንበጣው ላይ ወጣች፤ ዓመት ሙሉ ስትሰድበው አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጣበት አታውቅም። መሬቱ እግሯ ሥር ቅርብ ነበር፣ መቀመጫውን የተሸከመው ሞላ ሲነኩት ይተነፍሳል። ደመላሽ ከኋላዋ ሊቀመጥ እግሩን ሲያነሳ እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

«ለአንድ ሰው ነው የተሠራው» አለችው። «አንተ ያንን ንዳ።»

«ቦራን?»

«ስፖኪዮ አለው። ቀስ ማለቱንም ወደ ኋላ ማየቱንም ትማርበታለህ።»

«የብርጓል፣ ይሄ እንዳንቺ አይደለም፣ ፍሪሲዮን አለው። ቀስ ብለሽ ልቀቂው…»

«አትዘዘኝ» አለችና በአንዴ ለቀቀችው። አንበጣው ከፊት ተነሳ፣ ዘለለ፣ ሰዉ ወደ ጎን ተበተነ፣ እንደ ላሞቹ። የብርጓል ጮኸች፤ ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር ራሷም አላወቀችውም። ወደ ደረቁ ሜዳ ወጣች፣ አምና ስትሸነፍበት ወደከረመችበት። ነፋሱ ሻሿን ገፈፈው። እዚህ ላይ ሆኖ ዓለም ምን እንደሚመስል ማንም አልነገራት ነበር፤ ሁሉም ነገር ወደ ፊት ብቻ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከኋላ የቀረ ነገር ያለ አይመስልም። ለምን እንዳልዞረ አሁን ገባት። ገባት ማለት ይቅር አለች ማለት አይደለም።

ከሩቅ፣ ከኋላዋ፣ የቦራ ማጉረምረም ይሰማታል። ቀስ ብሎ ይመጣል። አይቸኩልም፣ አይቀርምም።

አንበጣ ወደኋላ የሚያሳይ መስታወት የለውም። ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት አንገቷን ራሷ ማዞር ነበረባት። ንዴቷ ገና ጥርሷ መሀል ነበር።

አዞረች።